ከጨው ውሃ የተመለሰ የጀልባ ሞተር እንዴት ይያዛል?

የስደተኞችና የአነስተኛ ንግድ ዓምድ

በዚህ ዓምድ ስለ ታክሲ ኢንሹራንስ፣ ስለ ሱቅ ኪራይ ውልና ስለ ግብር ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ከመሪና ከባንኮኒ ጀርባ ዞር ብለው ለማረፍ ሲሉ አነስተኛ የሞተር ጀልባ ለገዙ ወይም ለመግዛት ለሚያስቡ ወገኖቻችን የሚጠቅም ትምህርት ይዘን ቀርበናል። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው ቼሳፒክ ቤይ ደጁ ነው። ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው ያገለገለ ጀልባ ከነተጎታቹ ይገዛሉ፤ በእረፍት ቀናቸው ልጆቻቸውን ይዘው ዓሣ ያጠምዳሉ። ጥሩ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የጀልባው አካል ፋይበርግላስ ወይም አሉሚንየም ስለሆነ ብዙ ዓመት ይቆያል። ገንዘቡ ያለው ሞተሩ ላይ ነው። አዲስ የ25 ፈረስ ጉልበት ሞተር በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል። ይህ ገንዘብ በስንት ሌሊት ታክሲ መንዳት እንደሚጠራቀም አንባቢው ያውቀዋል። ይህንኑ ሞተር ከጨው ለማዳን የሚያስፈልገው ዕቃ ግን ከአንድ ደህና ምሳ ዋጋ አይበልጥም፤ ጊዜውም 15 ደቂቃ ያህል ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

የታክሲውና የጀልባው ሞተር ልዩነት

የመኪና ሞተር የሚቀዘቅዘው በራዲያተር ውስጥ ታሽጎ በሚዞር ውሃና አንቱፍሪዝ ነው። ያው ፈሳሽ እየተመላለሰ ለዓመታት ያገለግላል። ከጀልባ ጀርባ የሚታሰረው ሞተር ግን ራዲያተር የለውም። እግሩ ላይ ባሉት ወንፊት መሰል ቀዳዳዎች የባሕሩን ውሃ ይስባል፤ የላስቲክ ክንፎች ያሏት ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ወደ ላይ ትገፋለች፤ ውሃው በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ካለፈ በኋላ ከጭሱ ጋር ተመልሶ ወደ ባሕር ይፈስሳል። ስለዚህ ሞተሩ በሠራ ቁጥር በየደቂቃው አዲስ የጨው ውሃ ይጠጣል ማለት ነው።

በአንድ ሊትር የውቅያኖስ ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ይህም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ይሆናል። የቼሳፒክ ቤይ ውሃ ከዚህ ያነሰ ጨው አለው፤ ወደ ሰሜን በሄዱ መጠን እየቀነሰ፣ ወደ አትላንቲክ በቀረቡ መጠን እየጨመረ ይሄዳል። የፖቶማክ ወንዝም ዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ጨው አልባ ሆኖ ሳለ ወደ ፖይንት ሉክአውት ሲወርድ ጨዋማ ይሆናል። ውሃው ሲቀምሱት ብዙም አይጨውም ብሎ ሞተሩን ሳያጥቡ መተው ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ትንሽ ጨውም ቢሆን በየጉዞው ሲደራረብ ያው ነው።

ጨው ሞተሩን በሦስት መንገድ ይጎዳል። አንደኛ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ውስጡ የቀረው ውሃ በሙቀቱ ይተንና ጨውና ኖራ መሰል ቅርፊት ይተዋል። ቅርፊቱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ዓይነት ነው። መተላለፊያው ይጠባል፣ ቴርሞስታቱ ይያዛል፣ ሞተሩም ይግላል። አምራቾቹ ይህን ስለሚያውቁ የመኪና ቴርሞስታት 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲከፈት፣ የጀልባውን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ገደማ እንዲከፈት ያደርጉታል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ቅርፊቱም በፍጥነት ይጋገራልና። ሁለተኛ፣ ጨው አሉሚንየምን ይበላል፤ በተለይ አሉሚንየሙ ከማይዝግ ብረት ብሎን ጋር በሚገናኝበት ቦታ መብላቱ ይፋጠናል። ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጫፎችን አረንጓዴ እያደረገ ይቆርጣል። በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የታክሲን ሆድ ምን እንደሚያደርግ ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። ልዩነቱ የጀልባው ሞተር የሚበላው ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም መሆኑ ነው።

የማጠቢያው ሥርዓት

አስቀድመው የሞተሩን መመሪያ መጽሐፍ ያንብቡ። ከሌለዎት በሞዴል ቁጥሩ ማግኘት ይቻላል። የሚፈለገው ዕቃ የአትክልት ማጠጫ የውሃ ጎማና በእንግሊዝኛ «መፍ» የሚባለው፣ እንደ ጆሮ ማሞቂያ ግራና ቀኝ የሚገጠም የላስቲክ ዕቃ ነው። ሥራው በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ፈጽሞ አይሠራም፤ የሞተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰውንም ይገድላል። ልጆችም ከፕሮፔለሩ ይራቁ፤ ፕሮፔለሩን ፈትቶ ማስቀመጥ የተሻለ ነው።

1ኛ. ጀልባው ከባሕር በወጣበት በዚያው ቀን ይጠቡ። ጨው እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይሟሟል፤ ደርቆ ከተጋገረ ግን እምቢ ይላል። «ነገ ጠዋት ከፈረቃ ስመለስ» ማለት ሞተሩን የሚጎዳ ቀጠሮ ነው።

2ኛ. ሞተሩን ወደ ታች አውርደው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያድርጉ። መፉን ውሃ በሚስቡት ቀዳዳዎች ላይ በትክክል ይግጠሙ። አንዳንድ ሞተር ከፊት በኩል ተጨማሪ ቀዳዳ ስላለው እሱን በፕላስተር መሸፈን ያስፈልጋል።

3ኛ. መጀመሪያ ውሃውን ይክፈቱ፤ ቀጥሎ ሞተሩን ያስነሱ። ይህ ቅደም ተከተል አይገለበጥም። የፓምፗን የላስቲክ ክንፎች የሚያለሰልሳቸው ውሃው ራሱ ነው። ያለ ውሃ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንዶች እንኳ ቢዞር ላስቲኩ ይቃጠላል።

4ኛ. ማርሹ ፎሌ ላይ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ይሥራ። ከሞተሩ ጎን በቀጭኑ እየተወረወረ የሚወጣውን ውሃ ይመልከቱ። ፈረንጆቹ «ቴልቴል» ይሉታል፤ ወሬ ነጋሪ እንደ ማለት ነው። ውሃው ካልወጣ ወዲያው ያጥፉ። ከወጣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩት። ይህን ያህል ጊዜ የሚያስፈልገው ሞተሩ ሞቆ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ብቻ ንጹሑ ውሃ ሁሉንም መተላለፊያ ስለሚያዳርስ ነው። ሁለት ደቂቃ አጥቦ መተው ደጁን ጠርጎ ጓዳውን እንደ መተው ይቆጠራል።

5ኛ. ሲጨርሱ በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ሞተሩን ያጥፉ፣ ከዚያ ውሃውን ይዝጉ።

6ኛ. ውስጡ ያለው ውሃ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቁም። በተለይ ከኅዳር ጀምሮ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን ብረቱን ይሰነጥቃል።

ብዙ አዳዲስ ሞተሮች የውሃ ጎማ በቀጥታ የሚገጠምበት የራሳቸው ማጠቢያ አፍ አላቸው። በዚህ ሲታጠብ ሞተሩ ይጥፋ፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች በዚህ አፍ የሚገባው ውሃ ፓምፗን ስለማያረጥባት ሞተሩን ማስነሳት ያቃጥላታል። ጀልባው ዳር ታስሮ ውሃ ላይ የሚቆይ ከሆነም በዚሁ አፍ ማጠብና ሞተሩን ከባሕሩ ቀና አድርጎ መተው ይገባል። ለአነስተኛ ሞተር ደግሞ ትልቅ በርሜል ንጹሕ ውሃ ሞልቶ እግሩን መንከርና ማስነሳት ይቻላል። ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ካለችው ጠፍጣፋ ክንፍ ማለፍ አለበት። የበርሜሉ ውሃ ከሞተሩ በሚወጣው ጨው ስለሚበከል መለወጡ አይረሳ። ጨው የሚያሟሙ ፈሳሾችም ይሸጣሉ፤ ይረዳሉ፣ ነገር ግን በንጹሕ ውሃ ማጠብን አይተኩም።

ወሬ ነጋሪው ሲደክም

የሚወረወረው ውሃ ከወትሮው ከሳሳ ሁልጊዜ ትልቅ ብልሽት ነው ማለት አይደለም። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተው የውሃ መውጫውን ትንሽ ቀዳዳ በቀጭን ናይሎን ይጥረጉ፤ ጨው ወይም አሸዋ ዘግቶት ይሆናል። በጉዞ ላይ ከሆነ የላስቲክ ከረጢት ወይም የባሕር ሣር መሳቢያ ቀዳዳዎቹን ሸፍኖ እንደሆነ ይመልከቱ። ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተሻሻለ የፓምፗ ላስቲክ አልቋል። ይህች ላስቲክ ርካሽ ናት። በየዓመቱ ትታይ፤ ጨው ውሃ ላይ የሚሠራ ሰው በየሁለት ዓመቱ ቢለውጣት ይሻለዋል። ሞተሩ ግሎ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ «እስከ ዳር ያድርሰን» ብሎ መንዳት ግን የላስቲክ ዋጋን ወደ ሲሊንደር ዋጋ ይለውጠዋል። ከባሕር መሃል የቆመ ሞተር ደግሞ እንደ ታክሲ ዳር አስይዘው የሚተዉት አይደለም፤ ነፋስና ማዕበል እያለ ልጆች ይዞ መንሳፈፍ ነው።

ከውጭ የሚሠራው

ውስጡ ሲታጠብ ውጩም በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። የሞተሩን ክዳን ከፍተው ግን ውሃ አይርጩ፤ አየር መሳቢያውና ኤሌክትሪኩ እዚያ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ አድርቀው፣ ዝገት የሚከላከል ስፕሬይ በስሱ ይቀቡ። ቀበቶ ያለው ሞተር ከሆነ ቀበቶውን እንዳይነካ። የባትሪውን ጫፎች አጽድተው ግሪስ ይቀቡ።

ፕሮፔለሩን በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ፈትተው ከበስተኋላው ይመልከቱ። የማጥመጃ ናይሎን ተጠምጥሞ ከተገኘ አደጋ ነው፤ ዘይት የሚያግተውን ፓራኦሊዮ ይቆርጠዋልና። ሲመልሱት የአክሱሉን ጥርሶች ውሃ በማያጥበው የጀልባ ግሪስ ይቀቡ፤ የሚያስረውንም ፒን በአዲስ ይለውጡ።

ሞተሩ ላይና እግሩ ላይ ቀለም ያልተቀባ ግራጫ የብረት ቁራጭ ያያሉ። ይህ «አኖድ» ይባላል። ሥራው መሥዋዕት መሆን ነው፤ ጨው ውሃ የሚበላውን እሱ እየተበላ አሉሚንየሙን ያድናል። ለጨው ውሃ የዚንክ ወይም የአሉሚንየም አኖድ ይሆናል፤ ጨውነቱ ለተቀላቀለ እንደ ቼሳፒክ ላለ ውሃ የአሉሚንየሙ ይመረጣል። የማግኒዝየሙ ለጨው አልባ ውሃ ብቻ ነው። ግማሹ ከተበላ ይለወጥ። አኖድ ላይ ቀለም መቀባት ሥራውን መከልከል ነው። ለዓመታት ባሕር ላይ ሠርቶ አኖዱ ያልተበላ ሞተር ካዩም ደስ አይበልዎት፤ ወይ በደንብ አልተገናኘም፣ ወይም ሌላ ብረት በምትኩ እየተበላ ነው።

ተጎታቹም አይረሳ። የተጎታች ኩሽኔታ በመንገድ ግሎ ሳለ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ ጨው ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ጀልባውን ከማውረድዎ በፊት ትንሽ ይብረድ፤ ከወጣም በኋላ ጎማውንና ፍሬኑን በንጹሕ ውሃ ያጥቡ።

የታክሲ ዘይት ለጀልባ አይሆንም

ጋራዥ ውስጥ ከታክሲ የተረፈ ዘይት ያለው ሰው ለጀልባውም ላድርገው ማለቱ አይቀርም። ባለ አራት ምት የጀልባ ሞተር «ኤፍ ሲ ዳብልዩ» የሚል ምልክት ያለው ዘይት ይፈልጋል። ይህ ዘይት ዝገትን የሚከላከል ቅመም ተጨምሮበታል። የእግሩ ማርሽ ዘይትም እንዲሁ የጀልባ መሆን አለበት። አብዛኞቹ አምራቾች ሁለቱም ዘይቶች በ100 ሰዓት ሥራ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ እንዲለወጡ ያዛሉ፤ አዲስ ሞተር ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት በኋላ።

የማርሹ ዘይት ሲቀዳ ቀለሙን ይመልከቱ። እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቷል፤ ፓራኦሊዮው ተበላሽቷል ማለት ነው። ይህን ከክረምት በፊት ማወቅ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ውስጥ የቀረው ውሃ ሲረጋ የማርሹን ቤት ይሰነጥቃልና። አዲሱ ዘይት የሚሞላው ከታችኛው ቀዳዳ ሲሆን በላይኛው እስኪወጣ ይገፋል፤ ከላይ ቢሞላ አየር ይታፈናል። የብሎኖቹም ጓርኒሲዮን አዲስ ይሁን።

ስለ ቤንዚን ሁለት ነገር እንንገርዎ። በማደያ የሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን 10 በመቶ ኢታኖል አለው፤ ይህ ለጀልባ ይፈቀዳል። 15 በመቶ ያለውን ግን በጀልባ ሞተር መጠቀም በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ የማደያውን ጽሑፍ ሳያነቡ አይቅዱ። ሌላው፣ ኢታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ውሃው ከታች ይለያል። ጀልባው የሚቆም ከሆነ ቤንዚን እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ፈሳሽ ይጨምሩ፤ ውሃ የሚለይ ፊልትሮም ይግጠሙ። ካርቡራተር ያለው ሞተር በመጨረሻው እጥበት ላይ፣ ውሃው እንደተከፈተ፣ የቤንዚን ቱቦውን ነቅሎ በራሱ እስኪጠፋ ማቆየት ጥሩ ነው። ኢንጀክሽን ያለውን ግን እንዲህ አያድርጉት፤ መመሪያውን ይከተሉ።

ሞተሩ ባሕር ውስጥ ቢወድቅ

ብዙ ሰው አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያስቀምጠዋል። ይህ ከሁሉ የባሰ ነው። ጨው የነካው ብረት አየር ሲያገኝ በሰዓታት ውስጥ መዛግ ይጀምራል። ሞተሩን በንጹሕ ውሃ በደንብ አጥበው በዚያው ቀን ወደ መካኒክ ይውሰዱት። መካኒክ የማይገኝ ከሆነ ንጹሕ ውሃ ባለበት በርሜል ውስጥ እንደተነከረ ይቆይ። መካኒኩ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ከሲሊንደሩ ውሃውን ያወጣል፣ ዘይቱንና ቤንዚኑን ይለውጣል። በሥራ ላይ እያለ የወደቀ ሞተር ውስጡ ታጥፎ ሊሆን ስለሚችል ሳይታይ ለማስነሳት አይሞክሩ።

የጋራ ጀልባ፣ የጋራ ደብተር

ታክሲ በፈረቃ የነዳ ሰው ደንቡን ያውቀዋል፤ የጨረሰው ነዳጅ ሞልቶ፣ አጽድቶ ያስረክባል። ጀልባ በሽርክና የገዙም ይህንኑ ያድርጉ። ጀልባው ውስጥ ደብተር ይኑር፤ ቀኑ፣ የሠራበት ሰዓት፣ የሄዱበት ውሃ፣ ማን እንዳጠበው ይጻፍ። ዘይትና የፓምፕ ላስቲክ የተለወጠበት ቀን ከነደረሰኙ ይቀመጥ። ማን ምን ያህል እንዳዋጣ፣ የጥገና ወጪ እንዴት እንደሚከፈል፣ አንዱ መውጣት ቢፈልግ ድርሻው እንዴት እንደሚገመት በጽሑፍ ይስፈር። ወዳጅነት የሚፈርሰው ሞተሩ በተበላሸ ቀን «አንተ አላጠብክም፣ እኔ አጥቤአለሁ» በሚል ነው። ደብተሩ ጀልባው ሲሸጥም ዋጋ ይጨምራል። ያገለገለ ሞተር ሲገዙም እንዲሁ ደብተሩን ይጠይቁ፤ የማርሹን ዘይት አስቀድተው ይዩ፤ ሞተሩን በውሃ አስነስተው ወሬ ነጋሪውን ይመልከቱ፤ የሲሊንደሩን ግፊት ያስለኩ። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ሞተር ከተገኘ ምን እንደሸፈነ መጠየቅ አይከፋም።

ሕጉ የሚለው

በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው ሞተር ጀልባ ለመንዳት የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። በቨርጂኒያ ከ2016 ጀምሮ 10 ፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ የሆነ ሞተር የሚነዳ ሁሉ ትምህርቱን መውሰድ አለበት። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚሆን የነፍስ አድን ጃኬት መኖር ግዴታ ነው፤ በሜሪላንድ ከ21 ጫማ በታች በሆነ ጀልባ ላይ ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ጀልባው ሲሄድ ለብሰውት መቀመጥ አለባቸው። ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ደግሞ ከ26 ጫማ በታች በሆነ ጀልባ ላይ፣ ሞተሩ 3 ፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሆኖ ማጥፊያ ገመድ ተገጥሞለት ከሆነ፣ ነጂው በጉዞ ላይ ገመዱን ሰውነቱ ላይ ማያያዝ አለበት።

ለነጋዴዎቻችን አንድ ማሳሰቢያ እናክል። ጀልባዋ ወጪዋን ትሸፍን ብሎ ሰው በክፍያ መጫን ከኮስት ጋርድ ፈቃድ ውጭ አይቻልም። ያለ ታክሲ ፈቃድ መንገደኛ እንደ መጫን ነው። ለግል መዝናኛ የተገዛ ኢንሹራንስም እንዲህ ላለው ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። ያጠመዱትን ዓሣ በሱቅ ወይም በምግብ ቤት መሸጥም የንግድ ፈቃድ ይጠይቃል። መኖሪያ ፈቃዳቸው ወይም ዜግነታቸው ገና በሂደት ላይ ያለ ወገኖች ደግሞ ለትንሽ ገንዘብ ብለው ከሕግ ጋር መነካካት እንደማይገባቸው ልብ ይበሉ።

ለማጠቃለል፣ ይህን በወረቀት ጽፈው ጋራዡ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፦ ከየጉዞው በኋላ በዚያው ቀን ማጠብ፤ በየወሩ አኖዱን፣ ባትሪውንና ፊልትሮውን ማየት፤ በ100 ሰዓት ወይም በዓመት አንዴ ሁለቱን ዘይቶች መለወጥ፣ ፕሮፔለሩን መፍታት፣ ካንዴላዎቹንና የፓምፗን ላስቲክ ማየት፤ ከክረምት በፊት ውሃውን ማንጠፍጠፍና ቤንዚኑን ማዘጋጀት። የታክሲዎን ዘይት በቀኑ የሚለውጡ ሰው ይህ አይከብድዎትም። መልካም የባሕር ጊዜ ይሁንልዎ፤ በሚቀጥለው እትም በቸር ይግጠመን።